ከቧንቧው በስተኋላ ያሉ እጆች

በአገራችን የማዕድ ሥርዓት፣ እንግዳው ወደ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ከቤቱ ልጆች አንዱ ማስታጠቢያና ኩስኩስት ይዞ በፊቱ ይቆማል። እንግዳው እጁን ይዘረጋል፤ ልጁ ጐንበስ ብሎ ውኃውን ያፈስሳል፤ መታጠቡ ሲያበቃም እንግዳው «እደግ ተመንደግ» ብሎ ይመርቀዋል። ነገሩ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ቆም ብሎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በመሐንዲስ ዓይን ለተመለከተው በዚያች ቅጽበት የሚፈጸመው ነገር ትልቅ ነው፤ ይኸውም ውኃው ከምንጩ ተነሥቶ ያደረገው ጉዞ የመጨረሻው ክንድ የሚጠናቀቀው በሰው እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህም ምስጋናው የሚያርፍበት ሰው አለው።

ቧንቧ ወደ ቤታችን ከገባ ወዲህ ይህ ሁኔታ ተለውጧል። የእጅ መታጠቢያው ከግድግዳ ጋር ተያይዟል፤ እንግዳው ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ግድግዳን «እደግ ተመንደግ» ብሎ የሚመርቅ ደግሞ የለም። ውኃ የሚያፈስሰው ልጅ ከድካም ዐርፏል፤ ይህ መልካም ነው። ምርቃቱ ግን ተቀባይ አጥቶ ቀርቷል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከዕለታዊ ኑሮአችን አንዱን ነገር መርጬ ታሪኩን እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁት ይህንኑ ነው። ከቧንቧው በስተኋላ የቆመው ማን ነው? የማኅበራችን አባላት መልሱን በከፊል ያውቁታል፤ ከቆሙት መካከል አንዳንዶቹ እነሱ ራሳቸው ናቸውና። ቢሆንም ታሪኩ ከሥሩ ሲተረክ እምብዛም አይሰማም። የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ዘመናት ግን ዓ.ም. ተብለው በራሳችን አቆጣጠር መጻፋቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

ከቅርባችን እንጀምር። አዲስ አበባ ራሷ የውኃ ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ በከተሙበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውኃ እየወረደ ይታጠብ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ በዚያ አካባቢ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ፍልውኃው ለገላ ቢስማማም ለጥም የሚሆን አልነበረም። ሕዝቡ የሚጠጣው ከእንጦጦ የሚወርዱትን ጅረቶችና ምንጮች ሲሆን፣ ውኃው በእንስራ እየሆነ በሴቶችና በአገልጋዮች ጀርባ ወደየቤቱ ይገባ ነበር።

በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ በኩል እስከ ቤተ መንግሥቱ ድረስ የብረት ቧንቧ ተዘረጋ። ሥራውን የመራው በዙሪክ የተማረውና ለብዙ ዓመታት በዐፄ ምኒልክ አገልግሎት የኖረው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ የተሠራ በመሆኑ ውኃው አስቀድሞ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ወርዶ፣ ቀጥሎ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ዕድሜ ልኩን ውኃ ቁልቁል ሲወርድ እንጂ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ይህንን ባየ ጊዜ እጁን በአፉ ላይ ጫነ፤ ነገሩም በግጥም ሳይቀር ተወደሰ።

እኛ ዛሬ በዚያ መደነቅ ፈገግ ልንል እንችላለን። ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ወደ ቀድሞ ከፍታው ለመመለስ እንደሚገፋ፣ በየ10 ሜትሩ የከፍታ ልዩነትም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት እንደሚጨመር እናውቃለን። ዳንኤል በርኑሊ ስለ ፈሳሽ እንቅስቃሴ የጻፈውን መጽሐፍ በ1738 አሳትሟል። መምህራችን ቀመሩን በሰሌዳ ላይ ሲጽፍልን እኛም ገለበጥነው፤ ከክፍሉ ውስጥ አንድም የተደነቀ ሰው አላስታውስም። እንደ እኔ አስተያየት ግን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ የዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰዎች ለነገሩ ይቀርቡ ነበር። እነሱ ያዩትን አስተውለዋል፤ እኛ የቆጠርነውን አላየነውም። ቀመሩ ውኃው በምን ያህል ኃይል እንደሚወጣ ይነግረናል እንጂ መውጣቱን ተራ ነገር አያደርገውም።

እርግጥ በአገራችን ውኃን በጥበብ መምራት ከኢልግ በፊትም የታወቀ ነበር። በአክሱም የማይ ሹም ኩሬ፣ በጐንደር ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚቀበለው የፋሲለደስ መዋኛ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ከእኛም ውጪ በ97 በሮማ ከተማ የውኃ አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲኑስ ስለ ከተማዪቱ የውኃ ቦዮች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የእሱ ቦዮች ሥራ ከማይሠሩት የግብፅ ፒራሚዶች እንደሚበልጡ ሲኩራራ እናገኘዋለን። ትዕቢቱ ያስቃል፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የሮማ ቦዮችም ሆኑ የኢልግ ቧንቧ የፈቱት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ውኃውን ወደ ሰው ማምጣት። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ያ የመጣው ውኃ ሰውን እንዳይገድል ማድረግ፣ ገና ጥያቄ መሆኑ እንኳ ሳይታወቅ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ብሂላችን የተነገረው ስለ ወንዝ ነው። ነገር ግን በለንደን ሶሆ በሚባለው ሰፈር ለተፈጸመው ነገር ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም። በዚያ ሰፈር ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ በእጅ ፓምፕ የሚቀዳ ጉድጓድ ነበር። ውኃው ጥሩ ስም ነበረው፤ ቀድሞ በሰፈሩ ትኖር የነበረች አንዲት መበለት ወደ ሐምፕስቴድ ከተዛወረች በኋላ እንኳ ጣዕሙ አልረሳ ብሏት ከዚያው በጋሪ ታስመጣ ነበር። በ1854፣ ኦገስት ሊያልቅ ሲል፣ በሰፈሩ ኮሌራ ገባ። በ10 ቀናት ውስጥ በፓምፑ ዙሪያ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወረርሽኙ ሲያበቃም የሟቾቹ ቁጥር ከ600 አልፏል። ሐምፕስቴድ ኮሌራ ያልደረሰበት ሰፈር ነበር፤ መበለቲቱ ግን ሞተች። ከእርሷ ዘንድ መጥታ ያንኑ ውኃ የጠጣች ዘመዷም ወደ ቤቷ ተመልሳ ሞተች። በአንጻሩ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ በነበረ የቢራ ፋብሪካ የሚሠሩ 70 ያህል ሰዎች አንድም አልሞተባቸውም። ሠራተኞቹ ቢራ እየተሰጣቸው ከፓምፑ አይጠጡም ነበር።

በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ ከመጥፎ ሽታና ከተበከለ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። በአገራችንም ወረርሽኝ «የነፋስ በሽታ» ይባል እንደነበር ስናስታውስ ሐሳቡ የአንድ አገር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን ምክንያቱ ውኃው ነው ብሎ ተነሣ። የሟቾቹን ቤቶች እየዞረ ጠየቀ፤ ያገኘውንም ማስረጃ ለሰፈሩ አስተዳደር አቀረበ። በሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ይህ እጀታ በሕክምና ታሪክ ውስጥ እጅግ ዝነኛ ሆኗል፤ ለዚህም ነው ነገሩ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ በላይ አጊጦ የሚነገረው። እጀታው በተነቀለበት ቀን ወረርሽኙ አስቀድሞ በመቀነስ ላይ እንደነበረ ስኖው ራሱ ጽፏል። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም እጀታው ወደ ቦታው ተመልሷል። የበሽታውን መነሻ ያገኘው ደግሞ በመጀመሪያ የስኖውን ሐሳብ ሳይቀበል የቀረው የሰፈሩ ወጣት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ነው። ቄሱ ስኖው መሳሳቱን ለማስረዳት ብሎ የራሱን ምርመራ ጀመረ፤ ምርመራው ግን ወደ ስኖው ወሰደው። በብሮድ ስትሪት 40 ቁጥር ቤት አንዲት ሕፃን ታማ ነበር፤ እናቲቱ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውኃ በቤቱ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ደፍታለች። ያ ጉድጓድ ከፓምፑ ጉድጓድ የሚርቀው 1 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ግንቡም ፈራርሶ ተገኘ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ቄስ ነው። ያመነበትን ለማስከበር ተነሥቶ፣ ማስረጃው ወደ ሌላ ሲመራው ተከተለው።

ስኖው በዚያው ጊዜ ያደረገው ሌላው ጥናት ለመሐንዲስ ከእጀታው ይበልጥ ትርጉም አለው። በደቡብ ለንደን ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ጐን ለጐን ቧንቧ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። አንደኛው፣ ላምቤዝ የተባለው፣ በ1852 የውኃ መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው የቴምዝ ወንዝ ክፍል አዛወረ። ሁለተኛው ሳውዝዋርክና ቮክሶል ግን የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ስፍራ መቅዳቱን ቀጠለ። ስኖው በኮሌራ የሞቱትን ቤት ለቤት እየቆጠረ ሲያነጻጽር፣ ከሁለተኛው ኩባንያ ውኃ በሚጠጡ በየ10,000 ቤቶች 315 ሰዎች፣ ከላምቤዝ በሚጠጡ በየ10,000 ቤቶች ግን 37 ሰዎች ብቻ መሞታቸውን አገኘ። ሰዎቹ ጐረቤታሞች ናቸው፤ የሚተነፍሱት አየር አንድ ነው። ከብዙ ሞት ያዳናቸውን መሐንዲስ አንዳቸውም በስም አያውቁትም ነበር። ከሞት መዳናቸውንም አላወቁም።

ስኖው በ1858 በ45 ዓመቱ ሞተ። በዚያው በጋ የቴምዝ ሽታ ፓርላማውን አላስቀምጥ ስላለ፣ ጆሴፍ ባዛልጌት ለለንደን የፍሳሽ ማስወገጃ ያቀረበው ዕቅድ ገንዘብ ተፈቀደለት። የሚያስቀው ነገር ገንዘቡ የተፈቀደው ሽታውን ለማስወገድ መሆኑ ነው። የተሳሳተው ሐሳብ ትክክለኛውን ሥራ አስጀመረ። ባዛልጌት 132 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና የፍሳሽ መስመር ከጡብ ገነባ፤ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ፖርትላንድ ሲሚንቶም በጥብቅ እያስመረመረ ተጠቀመበት። በ1866 ኮሌራ ወደ ለንደን ሲመለስ የበረታው ሥራው ገና ባልተጠናቀቀበት በምሥራቁ የከተማ ክፍል ነበር፤ በዚያም የሰፈሩ የውኃ ኩባንያ ሕግ ጥሶ ያልተጣራ ውኃ በማደሉ ከ5,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ በለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ አልታየም።

በዚያው ዓመት፣ በ1858 ዓ.ም. መገባደጃ፣ ያው ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ በጣና ሐይቅ ዳር በቆራጣ ከነበረው ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ሰፈር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ፤ ሠራዊቱም ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋው ወደ ደብረ ታቦር ተጓዘ። የምሥራቅ ለንደን ወዛደርና የቴዎድሮስ ወታደር በአንድ ክረምት፣ በአንድ በሽታ፣ በአንድ ምክንያት ሞቱ። የሚለያቸው ነገር ቢኖር አንደኛው ከተማ መልሱን በግንባታ ላይ ማዋል መጀመሩ ብቻ ነበር።

ስለ አሸዋ ማጣሪያ ጥቂት ልበል። ጄምስ ሲምሰን የተባለው መሐንዲስ በ1829 በለንደን ለቼልሲ የውኃ ኩባንያ በአሸዋ ውኃ የሚያጣራ ሰፊ ገንዳ ሠራ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፤ ከታች ጠጠር፣ ከላይ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፋል፤ ውኃው በዝግታ በአሸዋው ውስጥ ያልፋል። ሲምሰን ያሰበው አሸዋው እንደ ወንፊት ደለሉን እንደሚያስቀር ነበር። በኋላ እንደታወቀው ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው ከአሸዋው በላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሚበቅለው ቀጭን ልሙጥ ሽፋን ነው። በሽፋኑ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት በውኃው የሚመጡትን የበሽታ ተሐዋስያን ይይዛሉ፣ ይመገባሉም። ማጣሪያውን አጥቦ ንጹሕ ያደረገ ሠራተኛ፣ ሽፋኑ እስኪመለስ ድረስ ማጣሪያውን አዳክሞታል ማለት ነው። ፓስተር ገና በ6 ዓመቱ ሳለ መሐንዲሶች ሳያውቁት ተሐዋስያንን በተሐዋስያን ይዋጉ ነበር። ይህን ያህል ሥራ በአሸዋ ክምር ውስጥ መኖሩን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ማጣሪያው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ1892 በጀርመን አገር ታየ። ሐምቡርግና አልቶና በዚያን ጊዜ በኤልበ ወንዝ ዳር የተያያዙ ሁለት ከተሞች ነበሩ። ሐምቡርግ ከከተማው በላይ ከወንዙ ቀድታ ሳታጣራ ታከፋፍላለች። አልቶና ደግሞ ከሐምቡርግ በታች፣ የሐምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ውኃ ትቀዳለች፤ ነገር ግን በአሸዋ ታጣራለች። በዚያ ዓመት ኮሌራ ሲገባ በሐምቡርግ 8,600 ያህል ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ፤ አልቶና ግን አብዛኛውን ተረፈች። ሁለቱን ከተሞች በሚለየው መንገድ ላይ በሽታው በአንደኛው ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ሳይገባ ቀረ። ከበርሊን የተላከው ሮበርት ኮኽ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም። ሐምቡርግ ለብዙ ዓመታት ስለ ወጪው ስትከራከር ቆይታ በመጨረሻ ማጣሪያ መሥራት ጀምራ ነበር፤ ሥራው ያለቀው በ1893 ነው። የአንድ ዓመት መዘግየት ዋጋ በዚህ ዓይነት በቁጥር የሚታወቅበት አጋጣሚ በሙያችን ታሪክ ብዙ የለም። በእኛም አገር «ክፉ ቀን» በተባለው ዘመን ከከብቱ እልቂትና ከረኃቡ ጋር ኮሌራ ተጨምሮ ሕዝቡን መፍጀቱ ይታወቃል።

የመጨረሻው እርምጃ የተወሰደው በአሜሪካ ነው። የጀርሲ ሲቲ ከተማ ውኃ የሚያቀርብላትን ኩባንያ፣ ውሉ እንደሚያዘው ንጹሕ ውኃ አልሰጠኝም ብላ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው መፍትሔ እንዲፈልግ አዘዘ። የኩባንያው የጤና አማካሪ ሐኪም ጆን ሊል ማንንም ሳያስፈቅድ በውኃው ውስጥ የክሎሪን ኖራ ለመጨመር ወሰነ፤ መሐንዲሱ ጆርጅ ፉለር መሣሪያውን ነድፎ በ99 ቀናት አስጨረሰው። ከሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 ጀምሮ በቀን 150,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ በክሎሪን እየታከመ ወደ ከተማው ገባ። በውኃ ውስጥ «መርዝ» መጨመር በዘመኑ አስደንጋጭ ነገር ስለነበረ ሊል እንደገና ፍርድ ቤት ቀርቦ ተጠየቀ፤ ይህንን ውኃ ለራስህ ቤተሰብ ትሰጣለህን ሲባል፣ እሰጣለሁ ብሎ መለሰ። አባቱ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲያገለግል በያዘው የአንጀት በሽታ ለብዙ ዓመታት ተሠቃይቶ የሞተ ሐኪም ነበርና፣ መልሱ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ፍርዱ ለኩባንያው ሆነ፤ ሌሎች ከተሞችም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉ። የሙያው ሰዎች በመቃብሩ ላይ መታሰቢያ ሐውልት ያቆሙለት በ2013 ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለነው ሰዎች ይህንን መጠን ብናስብ መልካም ነው። በ1 ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን 1 ግራም ያህል ቢሆን፣ 50,000 ሜትር ኩብ ውኃ ለማከም የሚያስፈልገው 50 ኪሎ ግራም ነው፤ ይኸውም የአንድ ቀጭን ሰው ክብደት መሆኑ ነው። ከተማ በሙሉ በዚህ ይጠበቃል። የክሎሪንና የማጣሪያ ድርሻ በትክክል ምን ያህል ነው የሚለው ግን ገና ያከራክራል። ከትለርና ሚለር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ትላልቅ ከተሞች ከታየው የሞት መቀነስ ግማሽ ያህሉ የንጹሕ ውኃ ውጤት ነው ብለው ነበር። መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሌሎች ድርሻው ከዚህ በጣም ያንሳል ብለዋል። ክርክሩ ራሱ የሙያችንን ጠባይ ያሳያል። ድልድይ ይታያል፤ ግድብ ይታያል፤ ሳይታመሙ የዋሉ ሰዎች ግን ማንም አይቆጥራቸውም። ሥራው በተሳካ መጠን ይረሳል።

መረሳቱ ክብርን የሚነካ ብቻ ቢሆን ይህንን ያህል ባልጻፍሁ ነበር። አደጋው መርሳቱ ወደ ሠራተኛው ራሱ ሲሻገር ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ዎከርተን የተባለች 5,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ነበረች፤ ዛሬም አለች። በሜይ 2000 ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ ከከተማው ጉድጓዶች ወደ አንዱ አስገባ። ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለው ነበር፤ ክሎሪኑም በቂ አልነበረም። 2,300 ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 7 ሞቱ። በዳኛ ኦኮነር የተመራው መርማሪ ጉባኤ በ2002 ባወጣው ዘገባ እንደተገለጸው፣ የውኃው ሠራተኞች የክሎሪኑን መጠን ሳይለኩ ለብዙ ዓመታት ሐሰተኛ ቁጥር በመዝገብ ይጽፉ ነበር።

ዘገባውን ያነበበ መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚሰማው ቁጣ ነው። ቀጥሎ ግን ከቁጣ የሚከብድ ነገር ያገኛል። ሠራተኞቹ ሕዝቡን ለመጉዳት ያሰቡ ሰዎች አልነበሩም፤ ያልታከመውን የጉድጓድ ውኃ ራሳቸው ይጠጡት ነበር። ጥሩ ውኃ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከነዋሪዎቹም የክሎሪኑ ጣዕም አይጥመንም ብለው የሚያማርሩ ነበሩ። የሐምፕስቴዷ መበለት የጉድጓዱን ጣዕም ወድዳ ከሞተች 146 ዓመታት አልፈው ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን የተገኘው እውቀት በመጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ሕጉ አለ፤ የክሎሪኑ መሣሪያ በቦታው ተተክሏል። የጐደለው ነገር አንድ ነበር፤ ከመሣሪያው ፊት የቆመው ሰው፣ መሣሪያው ከምን እንደሚጠብቀው ማሰብ ትቶ ነበር። መደነቅ የግጥም ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህንን ዘገባ ያንብብ።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ከ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የገፈርሳ ግድብ፣ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያም የድሬ ግድብ ተጨምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ድርሻ እያደገ ሄዷል። ለገዳዲን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው ወደ ማጣሪያው የሚገባው ጥሬ ውኃ የሻይ በወተት መልክ አለው። ብጥብጡ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሸክላ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስለያዘ እርስ በርሱ ይገፋፋል እንጂ አይዘቅጥም። ይህንን ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ ለቀናት ቢያስቀምጡት እንኳ እንደደፈረሰ ይቆያል። አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት ግን ሙሉ ይከሽፋል፤ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፤ እንደ ጥጥ ብናኝ ሆነው ይታያሉ፤ በዝግታም ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ አሸዋው፣ ከአሸዋው በኋላ ክሎሪኑ። መጠኑን የሚወስነው ሠራተኛ በየጊዜው በማሰሮ ሙከራ እየፈተነ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የትናንቱ ቁጥር ለዛሬ አይሆንም።

አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት ለያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢያስፈልግ ጠቅላላው 250 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ሩብ ቶን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከ12 ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት። ቧንቧ በሌለበት ገጠር ይህንን የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ መሸከም ስለማይቻልም የሚሆነው ነገር ቤተሰቡ በጥቂት ሊትር መኖሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት አኃዝ መሠረት በ2022 በአስተማማኝ ሁኔታ የተያዘ የመጠጥ ውኃ ያላገኘው የዓለም ሕዝብ 2.2 ቢሊዮን ያህል ነበር። ስለ ቧንቧ መደነቅ ለነዚህ ሰዎች ማስተማር አያስፈልግም።

በአዲስ አበባም በብዙ ሰፈሮች ውኃ የሚደርሰው በፈረቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ሲሆን፣ ቧንቧው አስቀድሞ አየር ያስወጣል፤ ያፏጫል፤ ያስላል፤ ቀጥሎ ጥቂት ደፍርሶ ወርዶ ይጠራል። ከቤቱ ቀድሞ የሰማው ሰው «ውኃ መጣ!» ብሎ ይጣራል። መብራት ይበራል፤ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይደረደራል፤ ያልሰማ ጐረቤት ካለም በሩ ይንኳኳል። በዚያች ሰዓት የሰፈሩን ቫልቭ የከፈተው ሠራተኛ፣ ረጅሙን የብረት መክፈቻ በትከሻው ይዞ፣ ወደሚቀጥለው ሰፈር በመሄድ ላይ ነው።